ዳክዬው ቀጥ ሲል

እኔ ጫጫታ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ ጫጫታ ወዳድ መስዬ እንዳትታዘቡኝ። አንደኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ሳስተምር ዕድሜዬን የጨረስኩት በጠመኔ፣ በሰሌዳና በዓይኔ ነው። ዓይኔን ካፈጠጥኩ ክፍሉ ጸጥ እረጭ ይላል፤ ዝንብ ብትበር ትሰማለች። ልጆቹ ፊደል ይገለብጣሉ፣ እኔ አርማለሁ፣ ደወል ይደወላል፣ ሁላችንም በሰላም እንለያያለን። ታዲያ ልጆቹ እንግሊዝኛ ያወራሉ ወይ ካላችሁኝ፣ ዝም ብለው ተቀምጠው እንዴት ያወራሉ?

ነገሩ የተበላሸው አዲሱ ዳይሬክተር ሲሾም ነው። ገና ወር ሳይሞላው መምህራኑ ተሰብስበን «ኦንላይን» የሚል ስም አወጣንለት፤ ሰውዬው ከዚህ ቃል ሌላ መድኃኒት አያውቅማ። የተማሪ ውጤት ከወረደ መፍትሔው ኦንላይን ነው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ከተገነጠለ «እንዴት እንደሚጠገን ኦንላይን እዩ» ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ሰው ሲያናግረው ስልኩን ያያል፣ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ግድግዳ ያያል።

አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሽቦ ተጠላልፎ ጫፉ አይታወቅም፤ አንዱን ቢስቡት ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሚጠፋ ይመስላል።

«እርስዎን በጣም ነው የማከብርዎት» አለኝ።

ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምርልኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

«ግን ዘመኑ ተለውጧል። አሁን ሕፃናት እንግሊዝኛ የሚማሩት በጨዋታ፣ በዘፈን፣ በቪዲዮ ነው። ሁሉም ኦንላይን አለ። በወሩ መጨረሻ ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሯ ይመጣሉ፤ የእርስዎ ክፍል ገብተው ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ መስማት ይፈልጋሉ።»

«ባያወሩስ?»

«ንብረት ክፍል ያሉት ሴትዮ ጡረታ ሊወጡ ነው» አለ ግድግዳውን እያየ። «እዚያ ሰላም ነው። ማንም አይረብሽዎትም።»

ክው አልኩ። ንብረት ክፍሉን አውቀዋለሁ። መስኮት የለውም፤ የሚኖሩበት እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና ቀዳዳ ባልዲዎች ናቸው። ጫጫታ አልወድም አልኩ እንጂ ልጅ አልወድም መቼ ወጣኝ? ያ ሁሉ አፍንጫው የሚፈስ፣ ያ ሁሉ የጫማ ክሩ የተፈታ ሠራዊት ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ሲልልኝ ነው ቀኑ ለእኔ የሚነጋው። ያንን ከወሰዱብኝ ከባልዲ ጋር ምን እላለሁ?

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ልጄ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ልጄ የአንዲት ደንበኛ ራስ ላይ ቢጉዲን እየጠቀለለች ነበር። ገና ሳልቀመጥ ለቅሶ ቀደመኝ፤ ደንበኛዋም ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሳትገባ አብራኝ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«እማ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለች ልጄ። ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ በአንድ እጇ ስልኳን መነካካት ጀመረች። «ለልጆች የተሠራ ስንት ነገር አለ መሰለሽ። እይው ይህን።»

ባርኔጣው የጠፋበት ቢጫ ዳክዬ ነው። መንገድ ለመንገድ እየዘፈነ ይሄዳል፤ ላም ያገኛል፣ ውሻ ያገኛል፣ ፍየል ያገኛል። ሁሉም በእንግሊዝኛ «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» ይሉታል፤ ምን ትፈልጋለህ ማለታቸው ነው። እሱም «አይ ዋንት ማይ ሃት» ይላል፤ ባርኔጣዬን። ቃሉ አጭር፣ ዜማው ቀላል፣ ዳክዬው ሲሄድ ወገቡ ይወዛወዛል። በልቤ ወደድኩት። በአፌ ግን «ለመሆኑ ዳክዬ ባርኔጣ ምን ያደርግለታል?» አልኩ፤ ቶሎ እጅ መስጠት አልወድም።

«በፍላሽ ልጫንልሽ፤ ኔት ሳያስፈልግሽ ታሳያቸዋለሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ፍላሹን ይዤ ለኦንላይን ሳሳየው ፊቱ ጠቆረ። «ፍላሽ እኮ ኦንላይን አይደለም» አለ። ዳክዬው ያው ዳክዬ ነው፣ ባርኔጣውም ያው ባርኔጣ ነው ብል ጆሮ አልሰጠኝም። «በኦንላይን ነው የምናስተምረው ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ሱፐርቫይዘሯ ፍላሽ ሲያዩ ምን ይሉኛል?» ስለዚህ ቪዲዮው በቀጥታ ከኢንተርኔት፣ በሕይወት እያለ መምጣት ነበረበት። የትምህርት ቤታችን ኔት ደግሞ በሕይወት አለ ለማለት የሚያስደፍር አይደለም። ኦንላይን ቢሮው ሆኖ ስልኩን ከነካ እኔ ክፍል ያለው ይሞታል።

የመጀመሪያው ቀን መጋረጃ ዘጋሁ፣ ፕሮጀክተር አበራሁ፣ ዳክዬው ግድግዳው ላይ ብቅ አለ። ልጆቹ እልል ማለት ብቻ ቀራቸው። ዳክዬው ዘፈነ፣ ወገቡን ወዘወዘ፣ ላሟን አገኛት። ላሟ «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» አለችው። ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ እንደከፈተ ቀጥ አለ። መሃል ምንቃሩ ላይ ያቺ ነጭ ክብ መሽከርከር ጀመረች።

መጀመሪያ ልጆቹ ጠበቁ። ከዚያ ተቁነጠነጡ። ከዚያ አንዱ የጎረቤቱን ጆሮ ጎተተ፤ ጎረቤቱም ያልጎተተውን ሰው መታ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሥራ የፈታ የአንደኛ ክፍል ልጅ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው አስተማሪ ብቻ ነው። ዓይኔን እንዳላፈጥባቸው አልታይም። አናቴ ላይ ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው ጨነቀኝና ግድግዳው ፊት ቆሜ፣ ላሟ የጠየቀችውን ጥያቄ በላም ድምፅ እጠይቅ ጀመር።

«ዋት… ዱ… ዩ… ዋንት?»

በዕድሜዬ ላም ሆኜ አላውቅም። ያን ቀን ግን ከአንጀቴ ሆንኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊት ወንበር አንዲት ድምፅ «ዋተር!» አለች።

ይህችን ልጅ ላስተዋውቃችሁ። ጠበቃዋ ነው የምንላት፤ ያልተከራከረችበት ጉዳይ የለም። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ቃል ሁሉ በክፍተቱ እያፏጨ ይወጣል። አርፍዶ የመጣ ልጅ ካለ ከእናቱ በፊት እሷ ናት የምትሟገትለት።

«ውሃ አይደለም የሚፈልገው፤ ባርኔጣውን ነው» አልኳት።

«ቲቸር፣ አፉን ከፍቶ ቆሞ የለ እንዴ? ጠምቶት ነው» አለች።

ዞሬ አየሁት። እውነትም የጠማው ይመስላል። ምን ብዬ ልርታት? ከኋላ አንዱ «ኖ! ብሬድ!» አለ። ወዲያው ሌላው «ኖ! አይ ዋንት ማሚ!» ብሎ ጮኸ፤ እሱ እንኳን የዳክዬውን ይሁን የራሱን እስካሁን አልገባኝም። ክፍሉ ተነሣ። ሁሉም ዳክዬ ሆኖ የሚፈልገውን ይናገራል። በመጨረሻ ክቧ ጠፍታ ዳክዬው ነፍስ ዘርቶ «ማይ ሃት» ሲል ልጆቹ በጣም ተናደዱበት። እነሱ ስንት ነገር አቅርበውለት እሱ እቴ፣ ባርኔጣ!

ሰንበትበት ሲል ነገሩ ሕግ ሆነ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እነሱ ናቸው። ዳክዬው ቀጥ ሲል ክፍሉም አብሮት ቀጥ ይላል፤ እጁን ያነሣ እጁ አየር ላይ ይቀራል፣ የሚያዛጋውም አፉ ክፍት ይቆያል። ከዚያ ባለተራው ወደ ፊት ይወጣና አንዱን ጠቁሞ «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» ይላል። የተጠቆመው መመለስ አለበት፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ካልመለሰ ዳክዬው አይነሣም ብለው አምነዋል። አንድ ቀን አንዱ ተሳስቶ በአማርኛ «ኳስ» ብሎ መለሰና ኔቱ ያን ቀን ጨርሶ ሳይመለስ ቀረ። ምስኪኑን እስከ ቤቱ በር ድረስ ሲወቅሱት ሄዱ። እኔም እምነታቸውን አላፈረስኩባቸውም፤ እንዲህ ያለ ረዳት መምህር ከየት ይገኛል?

አንድ ሁለቴ ኔቱ ደህና ሲሆን እኔው ራሴ ቪዲዮውን ላቆምላቸው ሞክሬ ነበር። አልሆነም።

«ክቧ የለችም እኮ» አለች ጠበቃዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ያቆምሽው አንቺ ነሽ። እሱ መሄድ ይፈልጋል።»

ማታለሌ ስለታወቀ አፍሬ አስቀጠልኩት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የእረፍት ሰዓቱ ነው። ሻዬን ይዤ ጥግ ስቀመጥ አንድ ሁለት ሆነው ይመጣሉ። «ቲቸር፣ ብስክሌት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ነገ ዳክዬው ብስክሌት ነው የሚፈልገው።» ሌላዋ ትልቅ በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ፣ ሌላው ቀይ ምን እንደሆነ። ይህን ሁሉ ዓመት ቃል ይዤ ሳሳድዳቸው የኖርኩት እኔ ነበርኩ፤ ቃል ፈልጎ እኔን ያሳደደኝ ልጅ አልነበረም። ሻዬ እየቀዘቀዘ እመልስላቸዋለሁ፤ ደስታዬንም መደበቅ አቃተኝ። ጫጫታው? የሚያደነቁር ነበር። ራሴን ለምን እንዳላመመኝ እንጃ።

ሱፐርቫይዘሯ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ኦንላይን ኮሪደር ላይ ሮጦ ደረሰብኝ። ፊቱ በርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«የምሥራች!» አለኝ። «ለእርስዎ ክፍል ብቻ የሚሆን አዲስ መስመር አስገባሁልዎት። ገመዱ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ነው የሚሰካው። ከእንግዲህ ቪዲዮው አንድ ጊዜ እንኳን አይቆምም!»

ምን ልበለው? እንዲቆምልኝ ነው የምፈልገው ልበለው? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሰውዬው ንብረት ክፍል የሚያስገባኝን መንገድ አስፋልት አድርጎልኝ የማመሰግነው እኔ ነኝ።

ሱፐርቫይዘሯ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ሲራመዱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ከኋላ የልጅ ወንበር ላይ እንደምንም ተቀመጡ። ኦንላይን በሩ አጠገብ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ከሚለው አዲስ የኔት ሣጥን ሥር ቆመ። ቪዲዮውን ከፈትኩ።

ዳክዬው ዘፈነ። ላሟን አገኛት። ልጆቹ እጃቸውን አዘጋጁ፣ ባለተራው ከወንበሩ ግማሽ ተነሣ። ላሟ ጠየቀች፤ ዳክዬው ወዲያው መለሰላት። መንገዱንም ቀጠለ። ባለተራው ግማሽ እንደተነሣ ቀረ። ውሻው ጠየቀ፤ ዳክዬው መለሰ። እንዲህ ሲጣደፍ አይተነው አናውቅም። ግድግዳው ላይ ሁሉም ያወራል፤ ክፍሉ ውስጥ አንድም ትንፍሽ ያለ ልጅ የለም። ሁሉም አፉን ዘግቶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። እኔ በስንት ግልምጫ የማመጣው ጸጥታ በነፃ መጣ፤ መቼም እንደዚያ ቀን ጸጥታ ጠልቼ አላውቅም።

ሱፐርቫይዘሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ኦንላይን ግን የቪዲዮው ፍጥነት አስደስቶት ፈገግ ብሏል። ጠበቃዋ ወደ እኔ ዞራ «ምን አደረግሽው?» በሚል ዓይን አየችኝ።

ፍየሉ ሊጠይቅ ሲል አላስቻለኝም። ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ መጽሐፍ የማነሣ መስዬ ገመዱን ከላፕቶፑ ነቀልኩት። ያ ከንቱ ዳክዬ አሁንም ትንሽ ተራመደ። በልቤ «ቁም! ቁም እንጂ!» እያልኩ እለምነዋለሁ። ከዚያ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀጥ አለ፤ ክቧም መጣች።

ክፍሉ በሙሉ ቀጥ አለ።

«ኔቱ! ኔቱ ሄደ!» ብሎ ኦንላይን ጮኸ። «በጣም ይቅርታ፤ አሁኑኑ አስተካክላለሁ!» በሩን ከፍቶ ወደ ቢሮው በረረ።

ባለተራው ወደ ፊት ወጣ። «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» አንዷ ቀይ ብስክሌት ፈለገች። አንዱ ትልቅ፣ በጣም ትልቅ ዳቦ ፈለገ፤ ትልቅነቱን በእጁ ሊያሳይ ሲል ጎረቤቱን ከወንበር ጣለው። የወደቀው ከመሬት ሳይነሣ «አይ ዋንት ዶክተር!» አለ። ሌላው «አይ ዋንት ኖ ስኩል» ብሎ ሁሉም አጨበጨበለት። የሱፐርቫይዘሯ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቁ ይሁን እየተቆጡ ከመነጽሩ ጀርባ አይታወቅም።

ትንሽ ቆይተው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ልጆቹ ጸጥ አሉ።

«ገመዱን የነቀሉት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ለካ አይተውኛል።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። አንደበቴ እምቢ አለኝ። «ዳክዬው ሲያወራ እነሱ ዝም ይላሉ» አልኩ። «እሱ ዝም ሲል ነው የሚያወሩት። እርስዎ ደግሞ የመጡት እነሱን ሊሰሙ ነው። ትዕዛዝ መጣሴን አውቃለሁ፤ ንብረት ክፍሉም ተዘጋጅቶልኛል።»

ጠበቃዋ ከወንበሯ ወረደች። ወደ ዳክዬው አልሄደችም። እኔ ፊት መጥታ ቆመች፤ ቀና ብላ ፊቴን እያየች ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«ቲቸር፣ ዋት ዱ ዩ ዋንት?»

«አይ ዋንት ቱ ስቴይ» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብስክሌት ያውቃሉ፣ ዳቦ ያውቃሉ፤ ስቴይ የሚባል ነገር ግን አጋጥሟቸው አያውቅም። በአማርኛ እንዳልነግራቸው ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፣ እጄን አወዛወዝኩና «ባይ ባይ» አልኳቸው። ወደ በሩ ሄጄ አንድ እግሬን ወደ ውጭ አወጣሁ። የልጆቹ ፊት ወደቀ። እንደ እውነቱ የእኔም ወድቋል። ከዚያ ተመለስኩ፤ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ሰሌዳው ፊት ሁለት እግሬን ተክዬ ቆምኩ።

«ስቴይ» አልኩ።

ጠበቃዋ አሰበች። ሲገባት ታየኝ። ዞር ብላ ወደ በሩ ሮጠች፣ ገፍታ ዘጋችው፣ ተንጠራርታ መቀርቀሪያውን ወረወረችና ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ቲቸር ስቴይ!» አለች በዚያ በሚያፏጭ አፏ።

«ስቴይ!» አለ ክፍሉ በሙሉ። ከፊት ያሉት መጥተው ቀሚሴን ያዙ።

በሩ ተንኳኳ። «ምን ሆናችሁ? ክፈቱ እንጂ! ኔቱ እኮ ደህና ነው!» አለ ኦንላይን ከውጭ።

ጠበቃዋ ከበሩ ሳትላቀቅ አንገቷን አዞረች። «ዋት ዱ ዩ ዋንት?»

«ዳይሬክተሩ ነኝ!»

«ኖ» አለች ረጋ ብላ። «ዋት ዱ ዩ ዋንት?»

ደንግጬ ልከፍት ስል ሱፐርቫይዘሯ ክንዴን ያዙኝ። «መልስ እንጂ ልጄ» አሉ ወደ በሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ተራው ያንተ ነው።»

ከውጭ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማን።

«አይ ዋንት…» አለ ኦንላይን፤ ድምፁ የአንደኛ ክፍል ልጅ ሆኗል። «አይ ዋንት… ካም ኢን… ፕሊስ።»

ልጆቹ ጣራው እስኪሰነጠቅ አጨበጨቡለት። ሱፐርቫይዘሯ ክንዴን እንደያዙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እሱን ያስገቡት» አሉኝ። «እርስዎ ግን ከዚህ ክፍል የትም አይወጡም።»

ጠበቃዋ መቀርቀሪያውን ስትከፍት እኔ ፊቴን አዙሬ፣ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ደጋግሜ እየጠረግሁ ነበር።